ስለ ወይራ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች፦ ከጣና ዳር ዛፍ እስከ ማዕድ ዘይት

ባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ወይራን የማያውቅ ሰው አይገኝም። ጠላ የሚጠመቅበት ቤት ጢሱን ያውቀዋል፤ ማኅሌት የሚቆም ሰው መቋሚያውን ያውቀዋል፤ ከብት ያገደ ሁሉ ደግሞ ዱላውን ያውቀዋል። ይሁን እንጂ «የወይራ ዘይት» የሚል ጠርሙስ በየሱፐርማርኬቱ መደርደር ከጀመረ ወዲህ፣ ይህ ዘይት ከዘጌው ዛፍ የወጣ ነው ወይስ ስሙ ብቻ ተገጣጥሞ ነው የሚለው ጥያቄ ተበራክቷል። ከዚህ በታች ያሉት በተለያየ ጊዜ ከጎረቤት፣ ከዘመድና ከተማሪዎች የቀረቡልኝ ጥያቄዎች ናቸው። ለአንዳንዶቹ ረዘም ያለ መልስ የሰጠሁት ነገሩ ስለሚገባው ነው።

በእኛ አካባቢ ያለው ወይራ በመጽሐፍ ቅዱስ የተጠቀሰው ወይራ ነውን?

የቅርብ ዘመዱ ነው፤ እርሱ ራሱ ግን አይደለም። የዕፅዋት ተመራማሪዎች ሁለቱንም «ኦሊያ ዩሮፒያ» በሚባለው አንድ ዝርያ ሥር ያስቀምጧቸዋል፤ የእኛው ግን «ኩስፒዳታ» የሚባል የራሱ ንዑስ ዝርያ ነው። ይህ ንዑስ ዝርያ ከደቡብ አፍሪካ ተነሥቶ በምሥራቅ አፍሪካና በእኛ ደጋማ አገሮች አልፎ፣ በዓረብ ምድር በኩል እስከ ሂማላያ ግርጌና እስከ ቻይና ድረስ ይበቅላል። ዘይት የሚጨመቅለት የሜዲትራኒያን ወይራ ደግሞ የተገኘው በዚያው በሜዲትራኒያን ዙሪያ ከሚበቅለው የዱር ወይራ ሲሆን፣ የሰው ልጅ ተንከባክቦ ማልማት የጀመረው ከ6,000 ዓመታት ገደማ በፊት በሜዲትራኒያን ምሥራቃዊ ዳርቻ እንደሆነ ይታመናል። ስለዚህ የእኛ ወይራ ለዚያኛው እናቱም ልጁም አይደለም፤ እኅት ቢባል ይቀርባል።

ከዚህ ተነሥተን ስንመለከተው፣ የኖኅ ርግብ በአፏ ይዛ የተመለሰችው ቅጠልም ሆነ ሐዋርያው ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች ሲጽፍ በመልካሙ ወይራ ላይ ስለ ተጨመረው የዱር ወይራ የሰጠው ምሳሌ የሚናገሩት ስለዚያ አገር ዛፍ ነው። ይህን ስል የእኛን ዛፍ ክብር ለመቀነስ አይደለም። አባቶቻችን መጻሕፍቱን ወደ አማርኛ ሲመልሱ ለዚያ ዛፍ «ወይራ» የሚለውን ስም መስጠታቸው የሁለቱን ዝምድና በዓይናቸው አይተው እንደነበር ያሳያል፤ የኋላ ዘመን ሳይንስም ፍርዳቸው ትክክል እንደነበር አረጋግጧል።

ሁለቱን በዓይን እንዴት መለየት ይቻላል?

ቅጠሉን መገልበጥ ነው። ከላይ ሲታዩ ሁለቱም ጠባብ፣ ጠንካራና ጥቁር አረንጓዴ ናቸው። የሜዲትራኒያኑ ቅጠል ጀርባ ግን እንደ ብር የነጣ ግራጫ ሲሆን፣ የእኛው ጀርባ ዝገት የነካው ወይም ወርቅማ ቡና ዓይነት መልክ አለው። በዘጌ መንገድ ወደ ገዳማቱ ሲወጣ ነፋስ ከሐይቁ ሲነሣ ቆም ብሎ ቀና ማለት ነው፤ ቅርንጫፉ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተገልብጦ ከጥቁር አረንጓዴ ወደ ነሐስ መልክ ይለወጣል፣ ነፋሱ ሲያልፍም ይመለሳል። ከልጅነቴ ጀምሮ ያየሁት ቢሆንም እስካሁን ሳልቆም አላልፍም። ፍሬውም ይለያል፤ የእኛው ሲበስል ጥቁር ሐምራዊ ሆኖ ሽምብራ የሚያህል ሲሆን፣ የዚያኛው ግን ሥጋው የወፈረና እጅግ የሚበልጥ ነው።

የእኛ ወይራ ፍሬ ይበላል? ዘይትስ ይወጣዋል?

ወፎች ይወዱታል። እረኞችም ሲጠቁር ለቅመው ይቀምሱታል፤ ነገር ግን የፍሬው አብዛኛው ክፍል ድንጋይ የመሰለ ዘር ሲሆን፣ በላዩ ያለው ሥጋ ስስና መራራ ስለሆነ ለዘይት ጭመቃ አያዋጣም። በሱቆቻችን የሚገኘው የወይራ ዘይት ሁሉ እንደ ስፔን፣ ጣሊያን፣ ግሪክ፣ ቱኒዚያና ቱርክ ካሉ የሜዲትራኒያን አገሮች የሚመጣ ነው። ከዓለም ብዙውን የወይራ ዘይት የምታመርተው ስፔን ናት። ስለዚህ ማንም ሰው «ከአገር ወይራ የተጨመቀ» ብሎ ዘይት ቢያቀርብ ከየት እንዳመጣው በሚገባ መጠየቅ ተገቢ ነው።

«ዘይት» የሚለው ቃል ራሱ ከወይራ ጋር የሚያገናኘው ነገር አለን?

በእርግጥ አለ። በግእዝ «ዘይት» ማለት የወይራ ዛፍና ከፍሬው የሚገኘው ቅባት ነው፤ ዕብራይስጡም ዛፉን «ዛይት» ይለዋል፣ ዓረብኛውም «ዘይቱን» ይላል። በአማርኛ ግን ቃሉ ሰፋ እያለ ሄዶ የኑጉንም፣ የሰሊጡንም፣ የመኪናውንም ቅባት ጠቅልሎ ያዘ። ዛሬ «የወይራ ዘይት» ስንል ሳናውቀው አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ እየጠራነው ነው።

ደብረ ዘይት ማለትም የወይራ ተራራ ማለት ሲሆን፣ በኢየሩሳሌም ምሥራቅ ያለው ኮረብታ ነው። የዐቢይ ጾም አምስተኛው እሑድ፣ የጾሙ እኩሌታ የሚባለው፣ በዚሁ ስም ይጠራል፤ የቢሾፍቱ ከተማም ለብዙ ዓመታት በዚህ ስም ትታወቅ ነበር። በዚያው ተራራ ግርጌ ያለችው ጌቴሴማኒም የስሟ ትርጉም የዘይት መጭመቂያ ማለት ነው። ይህን ያወቀ ሰው የጸሎተ ሐሙስን ንባብ ሲሰማ ቦታው ይበልጥ ይገለጥለታል ብዬ አምናለሁ፤ ጌታ የጸለየው ወይራ ተለቅሞ በሚጨመቅበት አትክልት ስፍራ ነበርና። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ለቅብዐ ሜሮን መሠረት የሚሆነውም የወይራ ዘይት ነው።

ወይራ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ እንጂ በሌላው ቦታ ብዙ የማይታየው ለምንድን ነው?

ድሮ በሌላውም ቦታ ነበር። ከባሕር ዳር ወጥቶ ወደ ደቡብ ጎንደር የሚጓዝ ሰው በእርሻና በግጦሽ በተራቆተ ሜዳ መካከል እዚህም እዚያም ክብ ክብ ጥቁር አረንጓዴ ደን ያያል፤ ወደ አንዱ ቢጠጋ በመካከሉ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ያገኛል። እነዚህ ደኖች ድሮ አገሩን ሸፍኖት ከነበረው የደጋ ደን የተረፉ ናቸው፤ ጽድና ወይራም ከዋነኞቹ ዛፎቻቸው መካከል ናቸው። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ለዶክትሬት ጥናታቸው በደቡብ ጎንደር የ28 አብያተ ክርስቲያናትን ደን መርምረው ከ160 በላይ የእንጨት ዕፅዋት ዝርያዎችን መዝግበዋል። በኋላም በበርካታ አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ የድንጋይ ካብ እየተካበ ከብት እንዳይገባ የማድረጉ ሥራ ተስፋፍቷል። ካቡ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ትልልቆቹ ወይራዎች ቆመው ሳሉ ከሥራቸው አንድም ችግኝ የማይታይበት ደን በዕድሜ ያልቃል እንጂ አይቀጥልም። ችግኙን የሚያጠፋው ደግሞ በዋናነት ፍየሉና ከብቱ ነው።

ዘጌ ለየት ይላል። በባሕረ ገብ መሬቱ በቆየው ልማድ መሠረት በሬ ጠምዶ ማረስና ከብት ማርባት የተከለከለ በመሆኑ፣ ሰዉ ቡናውን፣ ጌሾውንና ፍራፍሬውን በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይዞ ኖሯል። ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ለመሳለም የሚሄድ ሰው የሚያልፍበት ጥላ የዚህ ልማድ ውጤት ነው። የጣና ሐይቅ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ ሲመዘገብም፣ እነዚህ ደኖች ለመመዝገቡ ትልቅ ድርሻ ነበራቸው።

ጋንና የወተት ዕቃ በወይራ የሚታጠነው ለምንድን ነው? አጠናው እንዴት ይከናወናል?

ለሦስት ነገር ነው፦ ለማጽዳት፣ ለማቆየትና ለመዓዛ።

አክስቴ የበዓል ጠላ ሲጠምቁ የሚያደርጉትን ልግለጽ። በመጀመሪያ ጋኑን በግራዋ ቅጠልና በውኃ ደጋግመው ያሹታል፤ ውኃው ጠርቶ እስኪወጣ ድረስ አይተዉትም። ከዚያ አፉን ደፍተው ያደርቁታል። የወይራውን ፍልጥ በቀጫጭኑ ሰንጥቀው በገል ላይ በፍም ያያይዙታል፤ ነበልባል ከያዘ እፍ ብለው ያጠፉታል፣ የሚፈልጉት ጢሱን እንጂ እሳቱን አይደለምና። ጋኑን በጢሱ ላይ አፉን ወደ ታች አድርገው ይደፉትና ዙሪያውን በእርጥብ ጨርቅ ይከድኑታል። ከዚያ መዳፋቸውን በጋኑ መቀመጫ ላይ አሳርፈው ይጠብቃሉ። ሙቀቱ ሸክላውን አልፎ መዳፋቸው ሲደርስ «ጠጥቷል» ይላሉ፤ ጋኑ ጢሱን ጠጣ ማለታቸው ነው። ሲያነሡት ከውስጥ የሚወጣው ሽታ ጣፋጭም መራራም ነው፤ ጠላው ሲደርስ ከጌሾው ምሬት በስተ ኋላ የሚመጣው ያ ጢስ ነው። ሰዓት አይተው አያውቁም፤ መዳፋቸውም ተሳስቶ አያውቅም።

ለወተት ቅል ሲሆን ደግሞ ጫፉ የፋመ የወይራ እንጨት ወደ ውስጥ ገብቶ ውስጡ ይታሻል፤ ከዚያ ዐመዱና ከሰሉ በሚገባ ይጠረጋል።

በዚህ ሥራ ውስጥ ጥሩ ምክንያት አለ። የእንጨት ጢስ ፌኖል የሚባሉ ውህዶችን ይይዛል፤ እነዚህም በዕቃው ግድግዳ ላይ ተለጥፈው የባክቴሪያን መራባት ያዘገያሉ፣ ስለዚህ በታጠነ ዕቃ የተቀመጠ ወተት ቀስ ብሎ ይረጋል። ሸክላና ቅል ቀዳዳቸው ብዙ ስለሆነ ውኃ ብቻውን አያጸዳቸውም፤ ጢሱ ውኃው የማይደርስበት ይደርሳል። ነገር ግን ማጠን ማፍላትን አይተካም። ጥሬ ወተት በታጠነ ዕቃ ቢቀመጥም እንደ ብሩሴሎሲስና የከብት ሳንባ ነቀርሳ ያሉትን በሽታዎች ሊያስተላልፍ ስለሚችል፣ በተለይ ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች የሚሰጥ ወተት መፍላት አለበት።

የወይራ ጢስ መሞቅ ለጤና ጉዳት የለውምን?

መዓዛው የተወደደ ቢሆንም ጢስ ጢስ ነው። የወይራም ሆነ የሌላ እንጨት ጢስ ሳንባን ያስቆጣል፤ አስም ያለበት ሰው ሊርቀው ይገባል። ከሁሉ በላይ የሚያስፈራው ግን በተዘጋ ክፍል ውስጥ በፍም ላይ የሚደረገው ሙቀት ነው። ፍም ሽታና ቀለም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ሰውን እያደነዘዘ ሳያስነቃው ይገድላል። አራስ ወይም ሙሽራ ጢስ ስትሞቅ በርና መስኮት መከፈት፣ አጠገቧም ሌላ ሰው መኖር አለበት፤ ሕፃኑም በዚያ ክፍል ውስጥ መሆን የለበትም። ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማቅለሽለሽ ከተሰማት ወዲያውኑ ወደ ውጭ ትውጣ።

ለመፋቂያስ ጥሩ ነውን?

ጥሩ ነው። ወይራ እንደ ልምጭ ሁሉ ለመፋቂያ ከሚመረጡት መካከል ነው። ጫፉ ሲታኘክ እንደ ብሩሽ ይበተናል፤ እንጨቱ ጠንካራ ስለሆነ ግን ድድ እንዳይቧጥጥ በደንብ አለስልሶ በዝግታ መጠቀም ይገባል። ፍሎራይድ ያለውን የጥርስ ሳሙና ጥቅም ግን አይሰጥም።

የወይራ ዘይት ለጤና ይጠቅማል የሚባለው እውነት ነውን?

እውነት ነው፤ ነገር ግን የሚጠቅምበትን መንገድ መረዳት ያስፈልጋል። የወይራ ዘይት አብዛኛው ክፍሉ ኦሌይክ አሲድ የሚባል ያልጠገበ ስብ ሲሆን፣ የጠገበ ስቡ ከመቶ 14 ገደማ ብቻ ነው። በከተማችን ብዙ ሰው የሚጠቀምበት የሚረጋው የፓልም ዘይት ግን ግማሽ ያህሉ የጠገበ ስብ ነው፤ ቅቤም ከዚያ ይበልጣል። የጠገበውን ስብ ባልጠገበው መተካት ጎጂ የሚባለውን ኮሌስትሮል ይቀንሳል። ቁልፉ «መተካት» የሚለው ቃል ነው። በቅቤ በተሠራ ወጥ ላይ የወይራ ዘይት ጨምሮ የሚበላ ሰው ያተረፈው ውፍረት ነው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ የወይራ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለውና።

በዚህ ጉዳይ በጣም የታወቀው ጥናት በስፔን የተካሄደው ፕሬዲሜድ ነው። ለልብ ሕመም ተጋላጭ የሆኑ ከ7,400 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ሲሆን፣ የሜዲትራኒያንን አመጋገብ ከኤክስትራ ቨርጂን የወይራ ዘይት ወይም ከለውዝ ዓይነቶች ጋር የተከተሉት ሰዎች ስብ እንዲቀንሱ ከተመከሩት ጋር ሲነጻጸሩ የድንገተኛ የልብ ጥቃትና የስትሮክ አደጋቸው ከመቶ 30 ገደማ ቀንሶ ተገኝቷል። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሞ፣ በተሳታፊዎች አመዳደብ ላይ ስሕተት በመታየቱ እንዲመለስ ተደረገ፤ በ2018 እንደገና ተተንትኖ ሲታተምም ውጤቱ ተቀራራቢ ሆኖ ቆመ። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ሰዎቹ የበሉት ዘይት ብቻ እንዳልነበረ ነው፤ አትክልት፣ ጥራጥሬ፣ ፍራፍሬና ዓሣም ነበረበት።

እዚህ ላይ በግልጽ መናገር የምፈልገው አለ። ኤክስትራ ቨርጂን መግዛት ያልቻለ ቤተሰብ ጤናው እንደ ጎደለበት አድርጎ ማሰብ የለበትም። የኑግ ዘይት በአብዛኛው ያልጠገበ ስብ ነው፤ የሰሊጥና የሱፍ ዘይትም እንዲሁ። ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ የጤፍ እንጀራና አልፎ አልፎ የጣና ቀረሶ የሚገኝበት ማዕድ ስፔኖች ከተመሰገኑበት ማዕድ ብዙም አይርቅም።

በሱቅ ካለው የትኛውን ልምረጥ?

«ኤክስትራ ቨርጂን» ማለት ፍሬው ያለ ኬሚካልና ያለ ከፍተኛ ሙቀት በመፈጨትና በመጨመቅ ብቻ የተገኘ፣ የነጻ አሲዱ መጠን ከመቶ 0.8 ያልበለጠና በጣዕሙ ጉድለት ያልተገኘበት ነው። «ቨርጂን» እስከ 2 ከመቶ ይፈቀድለታል። «ፖማስ» የሚለው ፍሬው ከተጨመቀ በኋላ ከሚተርፈው ቅሪት በኬሚካል የወጣና የተጣራ ነው፤ ለመጥበሻ ይሆናል፣ የመጀመሪያውን ጥቅምና ጣዕም ግን አይሰጥም። «ላይት» የሚለው ጽሑፍ የጣዕሙን ቅለት ይናገራል እንጂ ካሎሪው አልቀነሰም።

ከዚህ ሌላ ጠርሙሱ ጥቁር ወይም ጥቁር አረንጓዴ፣ ካልሆነም በቆርቆሮ የታሸገ ቢሆን ይመረጣል፤ የተመረተበት ወይም ፍሬው የተለቀመበት ጊዜም ይታይ። የወይራ ዘይት እንደ ጠጅ ሲከርም የሚሻል አይደለም፤ ብርሃን፣ ሙቀትና አየር ያበላሹታል። አንድ ጊዜ ፀሐይ በሚመታው የመስታወት መደርደሪያ ላይ ከቆመ ሱቅ ውድ ዋጋ ከፍዬ የገዛሁትን ጠርሙስ ቤት ወስጄ ስከፍተው የከረመ ሻማ ሽታ ነበረው፤ ማብቂያ ቀኑ ግን ገና ሩቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመደርደሪያው ከኋላ ያለውን ጠርሙስ እጠይቃለሁ። በእንዲህ ያለው የባሕር ዳር ሙቀት ከምድጃ አጠገብ ማስቀመጥም አይገባም፤ ከተከፈተ በኋላ በጥቂት ወራት ውስጥ ማለቅ አለበት።

ጥሩ ዘይት ሲቀመስ መረር ይላል፣ ሲዋጥም ጉሮሮን ቆንጠጥ ያደርጋል። ብዙ ሰው ይህን እንደ ብልሽት ይቆጥረዋል፤ ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው፣ ቁንጠጣው ኦሊዮካንታል ከሚባል ጠቃሚ ውህድ የሚመጣ ነውና። በፍሪጅ ከረጋ ንጹሕ ነው የሚባለው አባባል ግን ማረጋገጫ አይሆንም፤ ንጹሑም ላይረጋ፣ የተቀላቀለውም ሊረጋ ይችላል።

ለወጥ ይሆናልን? ወይስ ለሰላጣ ብቻ ነው?

ለወጥ ይሆናል። ኤክስትራ ቨርጂን መጤስ የሚጀምረው 190 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢና ከዚያ በላይ ሲሆን፣ ውኃ ያለው ቁሌት ግን ከዚህ በጣም ዝቅ ባለ ሙቀት ነው የሚበስለው። እኔ የምመርጠው ሽንኩርቱን እንደ ልማዳችን ያለ ዘይት አብስሎ፣ ከዚያ ጥቂት የወይራ ዘይት ጨምሮ በርበሬውን ማቁላላት፣ ሲወርድም በላዩ አንድ ማንኪያ ማፍሰስ ነው። በአዚፋ ላይ ግን ከሁሉ ያምራል፤ የስናፍጩ ቁንጠጣና የዘይቱ ቁንጠጣ ይስማማሉ። ለቲማቲም ፍትፍትም እንዲሁ። በጾም ወራት ቅቤ ሲቀር ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የታሸገው የወይራ ፍሬ ለምን እንዲህ ጨው በዛበት?

ፍሬው ከዛፍ እንደ ወረደ አይበላም፤ ኦሊዩሮፒን የሚባለው ውህድ እጅግ ያመርረዋል። ምሬቱ የሚወጣው በጨው ውኃ ለሳምንታትና ለወራት ተዘፍዝፎ ወይም በአልካሊ ታጥቦ ነው። አረንጓዴውና ጥቁሩ ሁለት የተለያዩ ዛፎች ፍሬ አይደሉም፤ ልዩነቱ በአብዛኛው የመብሰል ደረጃቸው ነው። የደም ግፊት ያለበት ሰው ፍሬውን በንጹሕ ውኃ አጥቦ ጥቂት ብቻ ይብላ።

የወይራ ቅጠል አፍልቶ መጠጣት የደም ግፊትን ያድናልን?

የሜዲትራኒያን ወይራ ቅጠል ጭማቂ የደም ግፊትን በመጠኑ እንደሚቀንስ ያሳዩ ጥናቶች አሉ፤ የእኛው ንዑስ ዝርያም በአይጦች ላይ ተሞክሮ ተመሳሳይ ውጤት አሳይቷል። ሆኖም በላቦራቶሪ ከተመጠነ ጭማቂ እስከ ማንቆርቆሪያ ድረስ መንገዱ ረጅም ነው። የግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቅጠሉን ቢጨምርበት ግፊቱ ወይም ስኳሩ ከሚገባው በላይ ሊወርድበት ይችላል፤ መድኃኒቱን ትቶ በቅጠሉ ቢተማመን ደግሞ ስትሮክ ሳይታሰብ ሊደርስበት ይችላል። ሐኪምን ሳያማክሩ እንዳይጀምሩ አጥብቄ እለምናለሁ።

በሌላው ዓለም ወይራ ይህን ያህል የሚከበረው ለምንድን ነው?

ዛፉ ረጅም ዕድሜ አለው፤ ቢቆረጥም ከሥሩ ያቆጠቁጣል፤ ብርሃንን፣ መብልንና መድኃኒትን ከአንድ ፍሬ ይሰጣል። በግሪክ በቀርጤስ ደሴት ቩቬስ በተባለ መንደር ከ2,000 ዓመት በላይ እንደሚሆነው የሚነገርለት ወይራ ዛሬም ያፈራል። በጥንቱ ኦሎምፒያ ለአሸናፊዎች የሚሰጠው ሽልማት ከዱር ወይራ የተጎነጎነ አክሊል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 ጨዋታው ወደ አቴንስ ሲመለስ ይህ ልማድ ስለ ታደሰ፣ ቀነኒሳ በቀለ በ10,000 ሜትር፣ መሠረት ደፋርም በ5,000 ሜትር ወርቅ ሲያገኙ በራሳቸው ላይ የተቀመጠው የወይራ ቅጠል ነበር። ያን ምስል ያየ የጣና ዳር ሰው ቅጠሉን ለይቶ ለማወቅ አይቸገርም። እ.ኤ.አ. በ1947 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሰንደቅ ዓላማም ዓለምን በሁለት የወይራ ዝንጣፊዎች ያቀፈ ነው።

የሜዲትራኒያኑን ወይራ በባሕር ዳር ብተክል ያፈራልኝ ይሆን?

ዛፉ ሊያድግ ይችላል፤ ፍሬውን ግን ተስፋ አድርጎ ገንዘብ ማፍሰስ አይመከርም። ያ ዛፍ አበባ ለመያዝ ለሳምንታት የሚቆይ የብርድ ወራት ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ ባሕር ዳር ደግሞ ዓመቱን በሙሉ ለዘብ ያለ ሙቀት አላት። ዝናቡም ይገለበጥበታል፤ በአገሩ ዝናብ የሚያገኘው በብርዱ ወራት ሲሆን የሙቀቱ ወራት ደረቅ ናቸው፣ የእኛ ከባድ ዝናብ ግን ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። በተለይ እንደ ፎገራ ባለ ውኃ በሚያቁር ጥቁር አፈር ላይ ሥሩ ይበሰብሳል።

የወይራ እንጨት መግዛት ዛፉን ማጥፋት አይሆንምን?

ወይራ ቀስ ብሎ ስለሚያድግ እንጨቱ ከባድና ጠንካራ ነው፤ ምስጥም ቶሎ አይደፍረውም። ለምሰሶ፣ ለእርሻ ዕቃ፣ ለመቋሚያና ለከሰል የተመረጠው በዚሁ ነው፤ የተመናመነውም በዚሁ ነው። በታንኳ ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር የሚመጣው የማገዶ እንጨት ለብዙ ቤተሰብ ኑሮ ስለሆነ በሻጩ ላይ መፍረድ ቀላል አይደለም። ለአጠና የሚሆን ግን አንዲት እፍኝ ፍልጥ ትበቃለች፤ ለዚያም የደረቀ ቅርንጫፍ ከበቂ በላይ ነው። እኔ የምቃወመው የቆመ ወይራ ለከሰል መቁረጥን ነው። መቶ ዓመት የቆመ ዛፍ በአንድ ሳምንት የቡና ከሰል ሲሆን ማየት ልብ ይሰብራል፤ ለከሰል ቶሎ የሚያድግ ባሕር ዛፍ ወይም ግራር አለ።

የአገራችንን ወይራ በግቢዬ ከዘር እንዴት ላብቅል?

ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ አስቸጋሪ አይደለም። የጠቆረ ፍሬ ከዛፉ ወይም ከሥሩ ይለቀማል፤ ሥጋው በአሸዋና በውኃ ታሽቶ ይወገዳል፤ ዘሩ በጥላ ይደርቃል። እኔ በመጀመሪያው ጊዜ ዘሩን እንዳለ ቀብሬ ወራት ጠብቄ የበቀለልኝ እጅግ ጥቂት ነበር። ምክንያቱ የዘሩ ቅርፊት ነው፤ እንደ ድንጋይ ስለሆነ ውኃ በቀላሉ አያስገባም። በሁለተኛው ጊዜ ዘሩን በጨርቅ ይዤ በትንሽ መዶሻ ቅርፊቱን ብቻ ሰንጥቄ፣ አንድ ሌሊት በውኃ ዘፍዝፌ ዘራሁት፤ የቡቃያው ልዩነት በግልጽ የሚታይ ነበር። ውስጡ ያለው ነጭ ፍሬ ከተጨፈለቀ ግን አይበቅልም፣ ስለዚህ መዶሻው እጅግ በስሱ ማረፍ አለበት።

አፈሩ አሸዋ የበዛበትና ውኃ የማይቋጥር ይሁን። ችግኙ አንድ ክንድ ሳይሞላ አይተከል፤ የሚተከለውም ዝናቡ ጠንከር ሲል፣ በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ ነው። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል በተደረጉ ጥናቶች የወይራ ችግኝ ከሜዳ ይልቅ በቁጥቋጦ ሥር እንደሚጸድቅ ታይቷል፤ ወፎች ቁጥቋጦው ላይ አርፈው ዘሩን ይጥላሉ፣ ቁጥቋጦውም ከፀሐይና ከከብት ይጋርደዋል። እኔም ይህን በመከተል ችግኞቼን ከደደሆ ጥግ ተከልኩ፤ በበጋው በሳምንት አንድ ጊዜ ውኃ አጠጣለሁ፣ ዙሪያቸውንም በእሾህ አጥሬያለሁ። የበለጠው አሁን ወገቤ ደርሷል፤ ቅጠሉም ሲገለበጥ ያንን የነሐስ መልክ ማሳየት ጀምሯል።